የኦርቴንሲያ ልክ

በዚህ ደብተር ውስጥ ዜማ የለበትም፣
ስምና ቁጥር ነው፤ ሌላ አልጻፍኩበትም።
ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት፣
የኦርቴንሲያ ሳማኒዬጎ የሃምሳ ስምንት ዓመት።

ጉዋያኪል ያውቃታል፤ ሙዝ ጫኙ፣ ጀልበኛው፣
ሎተሪ አዟሪው፣ የሌሊት ዘበኛው።
"ልኳን የማውቅ እኔ ነኝ" ስል ይቆጡኛል፤
"ልክ የላትም እሷ!" ይሉኛል።
አላት። በእርሳስ ተጽፏል።

የመጀመሪያው ገጽ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ወገብ ሃምሳ ስድስት፤ በስስ ሸሚዟ ላይ ይቆጠራል የጎን አጥንቷ።
በሬዲዮ ውድድር አንደኛ ወጥታ ያገኘችው ዕቃ
በጋሪ ተጭኖ ደጄ ቆሟል፤ እሷም ከጎኑ፣ ተጨንቃ።
ምን እንደነበረ ኋላ እነግራችኋለሁ፤
ክሩ እንዳይበጠስ፣ ገጹን እገልጣለሁ።

የወርቅ ሸክላ ሰጧት፤ ወርቁ ቅብ ነበር፣
ሸክላው ግን ሸክላ ነው፣ ከግድግዳ ወርዶ ሲሰበር።

የከተማ ቁልፍ ሰጧት፤ በዚያው በመጋቢት
ኪራይ አልከፈልሽም ብሎ አከራይዋ ቆለፈባት ቤት።
ቁልፏን በከረጢት ይዛ፣ ዝናቡ ሲደበድባት
ሱቄ መጣች፤ የመቁረጫ ጠረጴዛዬን አነጠፍኩላት።
ትልቅ ቁልፍ ነው፣ ክንድ ያህላል፤
አንድም በር ከፍቶ አያውቅም፤ የሸርጣን ቅርፊት ግን ይሰብራል።

መንገድ ሰየሙላት፤ መውጫ የሌለው ነው።
ታርጋው ላይ ስሟን ሲጽፉ አንድ ፊደል ገደፉ።
"ይሁን" አለች፣ "እኔም ግጥም እገድፋለሁ፤ ይለፉ።"

አንዱ ገጽ ግን ይከብዳል።
ሚኒስትሩ ኒሻን ሊያደርግላት ቆመ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤
መርፌው ሐሩን አልፎ ቆዳዋን ወጋት።
አልጮኸችም። ፓሲዮዋን ዘፈነች እስከ ጭብጨባው ማብቂያ ሰዓት፣
በነጩ ቀሚስ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ እየሰፋች ስትሄድ፤
ሕዝቡ አበባ መስሎት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በግራ በኩል፣ ከገበሩ ሥር፣
ድርብ ሸራ እሰፋለሁ፤ ለማንም ሳልናገር።

አንድ ነሐሴ መጣች። መጋረጃውን ሳበች፣ ሸሚዟን ፈታች።
"ግራውን ወሰዱት" አለች።
ሜትሬን እንደያዝኩ ቁጥር ጠፋኝ።
"ጻፍ! የለም የሚባልም ልክ ነው፤ አታሳፍረኝ።
ሸራህን አወፍረው፣ አድርገው ሦስት እጥፍ፤
ቅዳሜ ሜዳሊያ አለኝ፣ ቀጥ ብሎ ይረፍ።"

ቀጥ ብሎ ዋለ። ጋዜጣው "ክብር አገኘች" ብሎ ለፈፈ፤
ክብሩ ምን ላይ እንዳረፈ ግን ማንም አልጻፈ።

ዘንድሮ ሙዚየሙ ዘጠኝ ቀሚሶቿን በመስታወት ሊያኖር
ደብዳቤ ላከልኝ፤ "የመርፌው ቀዳዳ ይደፈን፣ ለዓይን እንዳያስነውር።"
ዕድሜዬን ስደፍን ኖሬ፣ ይሄን እምቢ አልኩ።
"ሜዳሊያውን ካሳያችሁ፣ የገባበትንም አሳዩ፤
ዓይን ያላቸው ይዩ"
ብዬ መለስኩ። ቁጣዬ ለእኔም ገረመኝ።

ያ የጋሪው ዕቃ፣ ቃል ገብቼ ነበር።
የስፌት መኪና ነው። ያኔ እኔ ባዶ እጄን፣ በሰው ሱቅ ተቀጣሪ ስኖር፣
"መስፋት አልችልም፤ አንተ ደግሞ መኪና የለህም" አለችኝ፤
"ውሰደው፣ ቀሚስ ስፋልኝ።"
ከዚያ በኋላ ያጠለቁላትን ሁሉ
የተሸከመው ጨርቅ በዚያ መርፌ አለፈ።
ሒሳባችን እስካሁን አልተዘጋም፤ ማን ለማን እንደሚከፍል ጠፍቶን።

ትናንት ለመጨረሻው ኒሻን ልትለካ መጣች፤ ሰባ ሰባቷ ነው።
ወገብ፣ ተዉት።
ዓይኔ የመርፌውን ቀዳዳ አልለይ ሲል
ከእጄ ወሰደችና ክሩን በምራቋ አሾለች።
ሳተች።
ከወንዙ የመርከብ ጡሩንባ ተሰማ። ደግማ ሳተች።
በሦስተኛው ገባላት።
"አንደኛ ወጣሽ!" አልኳት።
መርፌውን አንጠልጥላ፣ ለባዶው ሱቅ እጅ ነሳች፤
"ሽልማቱስ፣ ኡባልዶ?" አለች።